ጨጓራውን ዘላችሁ አትለፉ፦ ያልተለመዱ የጨጓራ እጢዎችን በአልትራሳውንድ እንዴት እንፈልግ

የሆድ አልትራሳውንድ ስንሠራ ጉበት፣ ሐሞት ከረጢት፣ ቆሽት፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት እያልን እንሄድና ጨጓራ ላይ ስንደርስ «አየር ነው» ብለን እናልፋለን። ብዙዎቻችን የተማርነውም እንደዛ ነው። ታካሚው ግን የመጣው ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ነው።

ይሄ ጽሑፍ በየሆስፒታሉና በየክሊኒኩ ፕሮብ (ሆድ ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ) ለምትይዙ ሁሉ ነው፤ የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ብትሆኑ፣ ጠቅላላ ሐኪም ብትሆኑ፣ ራዲዮግራፈር ብትሆኑ። የማወራው ስለተለመደው የጨጓራ ካንሰር አይደለም። ከውስጠኛው ሽፋን ሥር፣ ከግድግዳው መሃል ስለሚነሱት ነው፦ ጂስት (ከግድግዳው የሚነሳ፣ አደገኛ ሊሆን የሚችል እጢ)፣ ሊዮማዮማ (የጡንቻ እጢ)፣ ሽዋኖማ (የነርቭ ሽፋን እጢ)፣ ሊፖማ (የስብ እጢ)፣ ሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር)፣ ቦታውን ስቶ ጨጓራ ላይ የበቀለ ቆሽት። እነዚህ ላይ ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባው ካሜራ) ብዙ ጊዜ የሚያየው ጤነኛ ሽፋን የለበሰ እብጠት ነው፤ ከላዩ የተቆነጠረው ናሙና፣ ባዮፕሲውም፣ «ጋስትራይተስ» (የጨጓራ ሽፋን ቁጣ) ተብሎ ይመለሳል። ወደ ውጭ ያደገውን ደግሞ ጭራሽ ላያየው ይችላል። አልትራሳውንድ ግን የግድግዳውን ውፍረት ያሳየናል፣ ከግድግዳው ውጭ ያለውንም ያሳየናል። ጥቂት ደቂቃና አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው የሚጠይቀው።

1. ጄል ከመቀባታችሁ በፊት ጠይቁ

የጥያቄ ወረቀቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «የጨጓራ ሕመም» ብቻ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ራሳችሁ ጠይቁ። «እማማ፣ ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?» በሉ። አዎ ካሉ የደም ማነስ እንክብል ይወስዱ እንደሆነ አስከትሉ፤ አይረን ራሱ ሰገራ ያጠቁራል። ትንሽ በልተው ወዲያው ይጠግባሉ? ልብስ ሰፍቷቸዋል? ኦሜፕራዞል ስንት ጊዜ ሲወስዱ ቆዩ? ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት ሰው ሲመጣ ጨጓራውን ሳታዩ አትልቀቁት፤ ጂስት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቀስ እያለ ሲደማ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሱ። አንደኛው የቢልሃርዝያ ታሪክ ነው፣ በተለይ ሐይቅና ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ከሆነ፤ ለምን እንደሆነ ዶፕለሩ (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው) ጋ ስንደርስ ይገባችኋል። ሁለተኛው፣ ልጅ ወይም ወጣት ሴት ከሆነች ፀጉር የመብላት ልማድ እንዳላት በዘዴ፣ ሳታሸማቅቁ፣ ቢቻል ሰው ሳይሰማ ጠይቁ። ጨጓራ ውስጥ የተጠቀለለ ፀጉር እጢ መስሎ ያታልላል።

2. ባዶ ሆድ፣ ከዚያ ውሃ

ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ምንም ያልበላ ሆድ ያስፈልጋችኋል። ምግብ ካለ የምታዩት እጢ ይሁን የትናንት እንጀራ መለየት አትችሉም። ጠዋት ማስቲካ ማኘክና ማጨስም አየር ስለሚያስውጥ ይቅር።

ውሃው ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር፣ ተራ የታሸገ ወይም የተጣራ ውሃ ይሁን። አምቦ ውሃ አይሆንም፤ ጋዙ ምስሉን ያጠፋዋል። ከተቻለ ውሃውን ቀድማችሁ ኩባያ ላይ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ አረፋው ይውጣ። ሲጠጡ በቀስታ ይሁን፣ በስትሮው ከሆነ ደግሞ አየር አብሮ እንዳይገባ ይረዳል። የጋዝ ማጥፊያ ጠብታ፣ ሲሜቲኮን፣ ካላችሁ ጥቂት ጨምሩበት።

ጾም ጉዳይ ነው። የሁዳዴ ወይም የረመዳን ጾም ላይ ያለ ሰው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ደስ ብሎን እንጀምርና ውሃ ጠጡ ስንል እምቢ ይላል፣ እምቢ ማለቱም ልክ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁና ካልቸኮለ ሌላ ሰዓት ወይም ሌላ ቀን ቅጠሩት። ተጨቃጭቆ ማስጠጣት የለም።

ውሃ የማይሰጠው ማን ነው? የሚያስመልሰው፣ አንጀቱ ተዘግቷል ተብሎ የተጠረጠረ፣ መዋጥ የሚቸገር፣ ንቃቱ የቀነሰ፣ በዚያው ቀን ኢንዶስኮፒ ወይም ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው። የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ኖሮበት ውሃ የተመጠነለትም ካለ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታስጠጡ። ከ8 ሰዓት ጾም በኋላ ጨጓራው በፈሳሽ ተወጥሮ ካገኛችሁት ደግሞ ይሄ ራሱ ግኝት ነው፤ መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ውሃ ሳትጨምሩ ወደ መውጫው ሂዱ።

3. መጀመሪያ ያለ ውሃ እዩ

ታካሚውን በጀርባው አስተኙና ከ3.5 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለውን ኮንቬክስ (ፊቱ ቅስት የሆነውን) ፕሮብ ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር ቁመቱን ይዛችሁ አስቀምጡ። የግራው ጉበት መስኮታችሁ ነው። ከጉበቱ ሥር አንትረሙ፣ ማለትም ወደ መውጫው ያለው የጨጓራ ክፍል፣ ክብ ሆኖ ይታያችኋል፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ መሃሉ ነጭ። ወደ ግራ ስታዞሩ የቆሽቱ አካል፣ ከኋላው የስፕሊኒክ ደም ሥር፣ ከዚያ ትልቁ የደም ቧንቧ አዎርታ። እነዚህን አንድ በአንድ ለዩ፤ በኋላ እብጠት ስታገኙ የማን እንደሆነ የምትፈርዱት በእነሱ ነው።

የተወጠረ ጨጓራ ግድግዳ ከ5 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ አንትረም ላይ ትንሽ ይወፍራል። ያልተወጠረ ጨጓራ ግን ሁልጊዜ ወፍራም ይመስላል፤ ባዶ ጨጓራ ላይ ለክታችሁ «ወፍሯል» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

4. ውሃውን ስጡና ታካሚውን አገላብጡ

ጉዳዩ ቀላል ነው፦ ውሃ ወደ ታች፣ አየር ወደ ላይ። የምትፈልጉትን ክፍል ታች አድርጉት።

በጀርባ ሲተኙ ውሃው ወደ ኋላ ወደ ፈንደስ (የጨጓራው የላይኛው ጉልላት) ይሄዳል፣ አየሩ ከፊት አንትረሙን ይሸፍናል። በቀኝ ጎን ሲያዞሯቸው ውሃው አንትረሙን ሞልቶ ያምራል። ግማሽ ቁጭ ሲሉ ደግሞ የጨጓራው አካል ጥሩ ይታያል። ፈንደስ ከባዱ ነው፤ በግራ ጎን አስተኝታችሁ በጎድን አጥንቶቹ መሃል፣ ጣፊያውን መስኮት አድርጋችሁ ፈልጉት። አንዱም አቀማመጥ ብቻውን አይበቃም። አዛውንት ሲሆኑ ወይም ሲያማቸው ቀስ ብላችሁ ደግፋችሁ አዙሩ።

አሁን ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለውን) ፕሮቡን አንሡ። ከ7 እስከ 12 ሜጋኸርዝ ያለው ቀጭን ሰው ላይ የጨጓራውን የፊት ግድግዳ ንብርብር አንድ በአንድ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ይህን ፕሮብ ለታይሮይድና ለጡት ብቻ ነው የሚያስበው፣ ትልቅ ኪሳራ ነው።

5. አምስቱን ንብርብሮች ቁጠሩ

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል። ከውሃው ወደ ውጭ ስትቆጥሩ፦ 1ኛው ነጭ፣ ውሃውና ሽፋኑ የሚገናኙበት። 2ኛው ጥቁር፣ የሙኮሳው (የውስጠኛው ሽፋን) ጥልቅ ክፍል። 3ኛው ነጭ፣ ሰብሙኮሳ (ከሽፋኑ ሥር ያለው)፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። 4ኛው ጥቁር፣ ጡንቻው። 5ኛው ነጭ፣ ሴሮሳ (የውጨኛው ሽፋን) እና ከሱ ውጭ ያለው ስብ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ።

አምስቱንም ካላያችሁ አትደንግጡ፣ በኮንቬክስ ፕሮብ ሦስቱን ማየትም ይበቃል፤ 3ኛውን ነጭ መስመር ያዙና መነሻ አድርጉት። እብጠቱ ጋ ስትደርሱ መሃሉን ትታችሁ ጠርዙ ላይ አተኩሩ። ጤነኛው ግድግዳና እብጠቱ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ፕሮቡን በትንሽ በትንሹ እያዘነበላችሁ የትኛው ንብርብር ወፍሮ ወደ እብጠቱ እንደሚገባ ተከተሉ። 3ኛው ነጭ መስመር ሳይቆረጥ በእብጠቱ ላይ ካለፈ፣ እብጠቱ ከሱ ሥር፣ ከጡንቻው የመጣ ነው። ነጩ መስመር ራሱ ተከፍቶ እብጠቱን ካቀፈ ሰብሙኮሳ ውስጥ ነው። መስመሮቹ ሁሉ ተበልተው ከጠፉ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፣ ካንሰር ወይም ሊምፎማ አስቡ።

6. ንብርብሩ ማንን ይጠቁማል?

*ከ4ኛው፣ ጠቆር ያለ።* መጀመሪያ የሚታሰበው ጂስት ነው። የጨጓራንና የአንጀትን እንቅስቃሴ ከሚመሩት የካሃል ሴሎች ጋር የተያያዘ እጢ ነው፤ ጂስቶች ከየትም በላይ የሚገኙት ጨጓራ ላይ ነው። ትንሽ ሲሆን ክብ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ውስጡ አንድ ዓይነት ይሆናል። ሲያድግ መሃሉ ይሞትና ውሃ የቋጠረ ጥቁር ቦታ ይፈጠራል፣ አንዳንዴም ከጨጓራው ጋር በቁስል ይገናኝና አየር ይገባበታል። ጠርዙ የተንጋደደ፣ ውስጡ የተዘበራረቀ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ላዩ የቆሰለ፣ ወይም ሲለካ ከ5 ሴንቲሜትር ያለፈ ከሆነ አደገኛነቱ ይጨምራል። ወደ ውጭ ያደገ ትልቅ ጂስት ከጨጓራው ጋር የሚገናኘው በቀጭን አንገት ብቻ ሊሆን ስለሚችል የጉበት ወይም የቆሽት ይመስላችኋል። አንገቱን ፈልጉት።

ሊዮማዮማም ከዚሁ ንብርብር ይነሳል። ጥቁረቱ ከአጠገቡ ካለው ጡንቻ ጋር እኩል ነው፣ ካርዲያ (የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ የሚገናኝበት) አካባቢ ይወዳል። ሽዋኖማ እንዲሁ፤ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ቀለበት ሊኖረው ይችላል፣ ጎኑ ላይ ያበጡ ንፍፊቶችም ይታያሉ፣ እሱ ግን ደህና እጢ ነው። ግሎመስ ቱመር (ከትንንሽ የደም ሥሮች አካባቢ የሚነሳ እጢ) አንትረም ላይ ይበዛል፣ በዶፕለር ሲታይ ደሙ የበዛ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚህን በምስል ብቻ ለይቶ መማል አይቻልም። ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ሲዲ 117 እና ዶግ 1 የሚባሉትን ማቅለሚያዎች ተጠቅሞ ነው ጂስትን የሚለየው፣ ሽዋኖማ ደግሞ ኤስ 100 ይይዛል። መለየቱ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጂስት ውስጥ የኪት ጂን ለውጥ እንዳለ ካሳዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኢማቲኒብ የሚባለው እንክብል ለዚህ በሽታ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ኬሞቴራፒ የማይነካው በሽታ ነበር። «እጢ» ብቻ ተብሎ የቀረ ሰው ይሄ መድኃኒት ያመልጠዋል።

*ከ3ኛው፣ ነጭ ብሎ የሚያበራ።* ሊፖማ ነው። አንድ ወጥ ነጭ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ በፕሮብ ስትጫኑት ቅርጹን የሚቀይር። ሰውየውን አረጋጉት።

*ከ3ኛው፣ የተቀላቀለ።* አንትረም ላይ፣ በትልቁ ኩርባ በኩል፣ ውስጡ ቀጭን ጥቁር ቱቦ የሚመስል ነገር ካለ ቦታውን የሳተ ቆሽት ሊሆን ይችላል። ላዩ መሃል ላይ ትንሽ ስርጉድ ይላል።

*ከ2ኛውና ከ3ኛው፣ ትንንሽና ብዙ።* ኒውሮኢንዶክራይን እጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ) አስቡ። በተራ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አይታዩም፣ ለኢንዶስኮፒ ተዉት።

7. የጨጓራ ነው ወይስ የጎረቤት?

ሦስት ፈተና አለ። ታካሚው በረጅሙ ይተንፍስ፤ እብጠቱ ከጉበቱ ጋር ነው ወይስ ከጨጓራው ጋር የሚንሸራተተው? ቀጥሎ ፕሮቡን ሳታንቀሳቅሱ ጥቂት ጉንጭ ውሃ ይጠጡ፤ ውሃው በእብጠቱ ላይ ዞሮ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሦስተኛ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የጨጓራው ሞገድ መጥቶ እብጠቱ ጋ ሲደርስ ግድግዳው አብሮ ይጎተታል ወይስ ሞገዱ ሳይነካው ያልፋል? ይሄን ሲቲ ስካን አያሳይም፤ የኛ ብልጫ ነው፣ ተጠቀሙበት።

ፀጉር ወይም ሌላ የተጠቀለለ ነገር ከሆነ ፊቱ እንደ ቅስት ያበራል፣ ከኋላው ሙሉ ጥላ ይጥላል፣ ታካሚው ሲገለበጥም ቦታ ይቀይራል። እጢ ቦታ አይቀይርም።

8. ዶፕለር ሳታበሩ ስም አትስጡ

ይሄ ቀልድ የለበትም። ፈንደስ ላይ ወይም በጣፊያው በኩል ያገኛችሁት ክብ ጥቁር ነገር ሁሉ እጢ አይደለም። ያበጠ የደም ሥር ሊሆን ይችላል፣ ቫሪስ። እኛ አገር ቢልሃርዝያ ወደ ጉበት ደም የሚያስገባውን የፖርታል ሥር ዙሪያ እያጠነከረ በሥሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርገዋል፣ ደሙም በጨጓራ በኩል መንገድ ይፈልጋል። በፖርታል ሥሩ ዙሪያ ወፍራም ነጭ መስመር፣ ከ13 ሚሊሜትር የሰፋ ፖርታል ሥር፣ ትልቅ ጣፊያ ካያችሁ ቀድማችሁ ቫሪስን አስቡ። ጣፊያው ላይ ብቻ ያለው ሥር በደም መርጋት ሲዘጋም እንደዚሁ ፈንደስ ላይ ሥሮች ያብጣሉ፣ የቆሽት ሕመም ያለበት ሰው ላይ ይታያል።

የቀለም ሳጥኑን አሳንሱት፣ ፍጥነቱን የሚወስነውን ፒአርኤፍ ዝቅ አድርጉ፣ ጌይኑን (የቀለሙን ጉላት) ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ብቻ ቀንሱ። ነገሩ በሙሉ በቀለም ከሞላ እጢ አትበሉት፤ ሪፖርቱ ላይም «ባዮፕሲ እንዳይወሰድ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሰው ያንን ዓረፍተ ነገር ማየቱ የሰው ሕይወት ነው።

9. እብጠት ሳይሆን ውፍረት ሲሆን

ግድግዳው ዙሪያውን በጣም ጠቁሮ ወፍሮ፣ ንብርብሩ ጠፍቶ፣ ግን ጨጓራው አሁንም በውሃ የሚወጠርና መውጫው ያልተዘጋ ከሆነ፣ አጠገቡም ትልልቅ ንፍፊት ካለ ሊምፎማ አስቡ። ማልት የሚባለው ዓይነት ከኤች ፓይሎሪ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ ብዙዎቹ እጢውም ይቀንስላቸዋል። ንፍፊቶቹ መሃላቸው ጠቁሮ ከሟሟ ደግሞ የሆድ ቲቢን አትርሱ።

ንብርብሮቹ ሳይጠፉ ወፍረው፣ ጨጓራው ግን ውሃ ገብቶበትም የማይለጠጥ፣ ሞገድ የማያልፍበት፣ ጠንካራ ሆኖ ካገኛችሁት ሊኒተስ ፕላስቲካ የሚባለው የተሰራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከላይ የተቆነጠረ ባዮፕሲ ብዙ ጊዜ ንጹህ ይወጣል። ስለዚህ «ባዮፕሲው ደህና ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣ እንኳ ያያችሁትን ጻፉ፣ ጥልቅ ናሙና እንዲወሰድ ጠይቁ።

10. ሆዱን ዙሩት

እጢ ካገኛችሁ ምርመራው ገና ነው። ጉበቱን እንደገና እዩ፤ ጂስት የሚሰራጨው በዋናነት ወደ ጉበትና ወደ ሆድ ሽፋን ነው፣ ንፍፊት ላይ እምብዛም ነው። የሆድ ውሃ፣ እምብርት አካባቢ ጓጉለት፣ ሴት ከሆነች ሁለቱም ኦቫሪዎች፣ ከግራ የአንገት አጥንት በላይ ያለው ንፍፊት። ወጣት ሴት ላይ ጂስት ከተጠረጠረ የደረት ራጅም ይታይ፤ ካርኒ ትራያድ የሚባለው ሕመም ሳንባንም ይይዛል።

በቆዳ በኩል መርፌ አትስደዱበት። ጂስት ከፈነዳ ሆድ ውስጥ ይበተናል፣ ውጤቱም በጣም ይከፋል። ውሃ የቋጠረው ነገር የውሻ ትል ከረጢት የመሆን ዕድልም አለው፣ እሱም በዘፈቀደ አይወጋም።

11. ሪፖርቱ

በእንግሊዝኛ እንደምትጽፉት አውቃለሁ፣ ይዘቱ ግን እንዲህ ይሁን፦ «ከጨጓራው አካል የኋላ ግድግዳ የተነሳ፣ 46 በ38 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የጠራ ጥቁር እብጠት። ከ4ኛው ንብርብር የመጣ ይመስላል፣ 3ኛው ንብርብር ሳይቆረጥ ከላዩ ያልፋል። መሃሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ቦታ አለ። በዶፕለር መጠነኛ ደም ይታያል፣ የደም ሥር አይደለም። ጉበት ላይ ምንም አልታየም፣ ያበጠ ንፍፊት የለም። ጂስት መጀመሪያ ይታሰብ። ኢንዶስኮፒና በመርፌ ቀለም የሚሰጥ ሲቲ ስካን ይመከራል።» ቦታ፣ መጠን በሁለት አቅጣጫ፣ ንብርብር፣ ውስጡ፣ ደሙ፣ ጎረቤቱ፣ ግምት፣ ቀጣይ እርምጃ። «የኤፒጋስትሪክ ማስ» (የላይኛው ሆድ እብጠት) ብቻ ብሎ መላክ ታካሚውን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ማንከራተት ነው።

ሪፈር የምታደርጉበት ቦታ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ካለ እሱን ጠቁሙ። ፕሮቡ ጨጓራው ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በቅርብ ስለሚያይ ንብርብሩን በተሻለ ይለያል፣ ከዚያው በመርፌ ናሙናም ይወስዳል። ከ2 ሴንቲሜትር ያነሰና የአደጋ ምልክት የሌለው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እየታየ ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው፣ የሚደማው ወይም የሚያድገው ቀዶ ሐኪም ጋ ይሂድ። ምስሉን አትማችሁ ወይም በሲዲ አድርጋችሁ ስጧቸው፣ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያነጻጽርበት ይኑረው።

ታካሚው «ምን አያችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። «ጨጓራው ግድግዳ ላይ እብጠት አለ፣ ምንነቱ በናሙና ነው የሚታወቀው፣ ይሄን ወረቀት ይዘው በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ» በሉ። ካንሰር ነው አትበሉ፣ ምንም የለም ብላችሁም አትሸኙ። ምንም ካላያችሁ ደግሞ አየር የሸፈነውን ክፍል ለይታችሁ ጻፉ፤ ንጹህ አልትራሳውንድ ንጹህ ጨጓራ ማለት ስላልሆነ፣ ሰገራው የሚጠቁር ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ሰው ኢንዶስኮፒው አይቀርለትም።